አጎቴ ሞተር ያጠበ ዕለት

«ሞተር እንደ በቅሎ ይታጠባል ብሎ የነገረህ ማነው?» አለች እቴቴ ከራኩባው፣ ከሣር ዳሱ፣ ጥላ ሥር ቆማ።

«ማንም አልነገረኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ሳጥብ ኖሬያለሁ፤ ምን ሆነ?»

«ያ የሸጥከው ፒካፕ ነው። እሱን ወንዝ ብትነክረው ተነሥቶ ይሄዳል። ይህች ግን ገና ስታያት ውሃ የምትወድ ትመስላለች?»

«አቧራዋን ተሸክማ መንገድ ትውጣ ታዲያ፣ ሐጃ?»

«ትውጣ። አሁንስ ታጥባ የት ወጣች?»

አጎቴ የውሃውን ጎማ በእጁ እንደያዘ፣ ኮፈኗ የተከፈተውን ብርማ መኪና ያያል። እቴቴ የእናቴ ታናሽ እህት ናት፤ አጎቴ የምለው ባሏን ነው። ከኢትዮጵያ ድንበር ማዶ ገዳሪፍ እነሱ ቤት ከተቀመጥኩ ወዲህ ስለ ጨው፣ ስለ ዘመድ፣ ስለ ሬዲዮ ድምፅ ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ። እቴቴ መካ ሄዳ አታውቅም፤ እዚህ አገር የተከበረችን ሴት ሐጃ ይሏታልና አጎቴ ጥፋቱ ሲታወቀው እንዲህ ብሎ ይጠራታል።

የዚያን ቀን ጠዋት ግን ጨዋታ አልነበረም። ልጃቸው ባሱንዳ በሚባለው የጠረፍ አገር፣ ገበሬ ባሏ ዘንድ ሆና፣ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ተቃርባለች። በእኛ ወግ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። እቴቴ ክፍል አዘጋጅታ፣ አልጋ አንጥፋ ጨርሳለች። ኸሪፍ፣ ክረምቱ ማለት ነው፣ ደጅ ላይ ቆሟል። የባሱንዳ ጥቁር አፈር አንድ ጥሩ ዝናብ ከጠጣ ትንሽ መኪና የሚባል ነገር አያሳልፍም። ልጅቷን ያን ዕለት ካላመጧት ሌላ ቀን አልነበረም።

መኪናዋም የተገዛችው ለዚሁ ነው። አጎቴ በፒካፑ ከጠረፍ ከተማዋ ከገላባት በርበሬና ቅመም እያመጣ ሲነግድ የኖረ ሰው ነው። እርጉዝ ልጄን በፒካፕ አላንገላታም ብሎ ሸጠውና መቀመጫዋ እንደ ፍራሽ የሚሰምጥ ይህችን ገዛ።

ማጠቡም ከንቱ አመል አይደለም። አባቱ በመተማ መንገድ በቅሎ የሚነዱ ነጋዴ ነበሩ። በቅሎ ረጅም መንገድ ከመውጣቷ በፊት ትታጠባለች፤ ኮርቻ የላጠው ጀርባ የሚታየው አቧራው ሲለቅ ነው። አጎቴም የፒካፑን ሞተር በየጉዞው ዋዜማ አጥቦ ዘይት የሚያልብበትን ቦታ በጣቱ ይፈልግ ነበር። ያን ጠዋት ይህችንም እንደዚያው በፍቅር አጠባት። ከዚያ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ አንዴ ሳለና ዝም አለ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መብራት ሁሉ እንደ በዓል ገበያ በራ።

«ባትሪዋን እንፍታው» አለኝ አጎቴ። «የሆነችውን ትርሳው።»

ፈታንና ትንሽ ቆይተን መልሰን አሰርነው። የሆነችውን አልረሳችም፤ እኛን ግን ረሳችን። ሌባ የነካት መስሏት ሰፈሩን በጩኸት አናወጠችው። አጎቴ ቁልፉን ፊት ለፊቷ ያወዛውዛል፤ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ እኮ» ይላታል። እቴቴ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ጩኸቱ ሲበርድ፣ ከሱቅ ያመጣኋትን ትንሽ መሣሪያ ከመሪው ሥር ሰካሁ። የመኪናን በሽታ ለስልክ ትናገራለች የተባለች ናት። ስልኬ አሰበ፣ አሰበና አንድ ፊደልና ቁጥሮች ጻፈ።

«ምን አለች?» አጎቴ አንገቱን አስግጎ ጠየቀኝ።

«አንዱ ሲሊንደር አልነድ ብሎኛል ነው የምትለው።»

«ለምን?»

«ለምኑን አልነገረችኝም።»

«እንግዲህ ሐኪም ቤት ሄጄ አሞኛል ስል፣ 'አዎ፣ አሞሃል' ብሎ እንደ መሸኘት ነው።» ወደ እኔ ዞረ። «እንዳንተ ግጥም ናት። የሆነ ነገር እንዳመማት ይገባኛል፤ የቱ ጋ እንደሆነ ግን አትነግረኝም።»

ግጥሞቼን እያነበብኩ የማሰለቸው ሰው እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ይህን ለማለት መብት ነበረው።

የፒካፑ ሞተር ብረቱ ሁሉ ፊት ለፊት የሚታይ፣ እጅ የሚገባበት ነበር። የዚህች ግን በጥቁር ፕላስቲክ ክዳን ተሸፋፍኗል። ክዳኑን በካቻቪቴ ስናነሣ፣ ካንዴላው የተቀመጠበት ጉድጓድ ውሃ አቁሯል። አጎቴ ደስ አለው፤ ውሃ የሚያውቀው ጠላት ነው። በላዩ ያለችውን፣ ለካንዴላው እሳት የምትሰጠውን ኮይል ለመንቀል የሽቦዋን መያዣ በሁለት ጣቱ ጫን አደረገ። ሕፃን የሚያባብል ይመስላል። ፕላስቲኩ የገዳሪፍን ሙቀት ለምዶ እንደ ብስኩት ደርቋል፤ ቀጭ አለ።

አጎቴ ስባሪውን መዳፉ ላይ አድርጎ አገላብጦ አየው። «ይህን የሠራው ሰው መሸጡን እንጂ መፍታቱን አላሰበም» አለ።

ከዚያ ዞር ሲል፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ለስላሳ ነጭ ጨርቅ አየና ሳብ አድርጎ ውሃውን ያደርቅበት ጀመር።

«ኧረ የሕፃኑን ጨርቅ!» እቴቴ ከእጁ ነጠቀችው። ዘይት ነክቶታል። ልትቆጣ አፏን ከፈተችና ተወችው፤ አጎቴ እንዲያ የደነገጠ ፊት ኖሮት አያውቅም።

ጉድጓዱን እቴቴ ከምትከናነበው አሮጌ ቶብ በተቆረጠ ጨርቅ አደረቅነው። ኮይሏን ፀሐይ ላይ አሰጣናት። ስትደርቅ መልሰን ሰካናትና የተሰበረውን መያዣ ከጎማ የውስጥ ከመነዳሪ በቆረጥነው ቀጭን ላስቲክ አሰርነው። ቁልፉን አዞረ። ተነሣች።

እየተንቀጠቀጠች ነው፤ ግን ተነሣች። አጎቴ ከመቀመጫው ሆኖ በመስኮቱ እቴቴን አያት። እሷም ጫማዋን መፈለግ ጀመረች። ጫማዋን ሳታገኝ ሞተሩ አንገሸገሸውና ጠፋ። እንደገና ቢያዞር፣ ቢያዞር፣ የባትሪው ጉልበት እየሳሳ ሄደ።

ስልክ ጮኸ። ልጃቸው ናት። እቴቴ ድምፁን ከፍታ ስለነበር ሁላችንም ሰማን። «እማ፣ እዚህ ነፋሱ ተነሥቷል። በኢትዮጵያ በኩል ጠቁሯል። መጣችሁ?»

እቴቴ አጎቴን አየችው። አጎቴ መሪውን ያዘ።

«መጣን» አለቻት።

ስልኩን ዘግታ ወደ ቤት ገባች። ስትወጣ ቶቧን ተከናንባ፣ ትልቅ ጥቅል ተሸክማ ነበር፤ ያዘጋጀችውን ክፍል ሙሉ ጠቅልላው መሆን አለበት። ከመንገድ ማዶ፣ ዘር ጭኖ ወደ ባሱንዳ የሚሄድ ትራክተር ሞተሩን እያሞቀ ነበር።

«በትራክተር ልታመጪያት ነው?» አላት አጎቴ። «በዚያ ሆዷ?»

«አላመጣትም። እናቷ ቤት መምጣት ካልቻለች፣ የእናቷ ቤት ይሄድላታል።»

አጎቴ ከመኪናዋ ወረደ። «ትንሽ ታገሺኝ፤ ትደርቃለች» አለ፤ ግን ለእሷ ይሁን ለመኪናዋ አልለየሁም።

«ኸላስ፣ የልጄ አባት» አለችው። ኸላስ ስትለው ጨርሰናል ማለቷ ነበር፤ ድምፅዋ ግን ቁጣ አልነበረውም። «ለልጅህ ብለህ ነው ያጠብካት። አውቃለሁ። እኔ ግን መድረስ አለብኝ።»

እጁን በጀለቢያው ጠረገ። ጥቁር ዘይቱ ነጩ ልብስ ላይ ጣት በጣት ቀረ። ከእጇ ጥቅሉን ተቀብሎ ትከሻው ላይ አወጣው።

«አንተ ወዴት ነህ?» አለችው።

«የሚሸከምልሽ አለሽ ወይ?»

በሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ «ኮፈኑን እንዳትዘጋው፣ ይድረቅ» አለኝ።

«አጎቴ፣ ዝናብ እየመጣ ነው እኮ።»

ሰማዩን ቀና ብሎ አየ። «እንግዲያ ዝጋው» አለና ወጣ። እቴቴ የብረቱን በር ከኋላዋ ሳበችው፤ ተዘጋ።