እማዬ በቀን የተጋደመችበት ዕለት

ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ጋር ለእረፍት ጣና ዳር መጥተናል። ጠዋት ኮረብታውን ወጥተን ወረድንና ሣሩ ላይ ተጋደምን። ነፋሱ እርጥብ የደንገል ሽታ ሲያመጣብኝ ልጅነቴ ትዝ አለኝ።

ያን ጊዜም እዚሁ ሐይቅ ዳር ነበርን፤ እማዬና እኔ። ከምንኖርበት ከመካነ ኢየሱስ ከተማ በአውቶቡስ መጥተን ኮረብታው ላይ ስንዞር አረፈድን፤ ቆሏችንን በላን። ከዚያ እማዬ ነጠላዋን አንጥፋ ተጋደመች። በቀን ስትተኛ አይቻት ስለማላውቅ ደነገጥኩ።

«እማዬ፣ አሞሻል?»

«ደህና ነኝ። ዛሬ እንረፍ።» ጸጉሬን እየደባበሰች፣ «አንቺ ቶሎ ትለምጂዋለሽ» አለችኝ።

ሐይቁን መስሎኝ፣ «አልፈራውም እኮ!» አልኳት።

ከቀትር በኋላ ባሕር ዳር የምትኖረው አክስቴ መጣች። እማዬ አገላብጣ ሳመችኝና ብቻዋን ወደ መናኸሪያ ሄደች። አባቴ ከሞተ በኋላ ስማዳ ሄዳ ሌላ ባል ልታገባ እንደነበር፣ ሰውየውም «የሰው ልጅ አላሳድግም» እንዳለ የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። ያን ዕለት አላለቀስኩም። አክስቴ የሰጠችኝን ሙዝ እየላጥኩ ነበር።

አሁን ስልኬ ጠራ። እማዬ ናት፤ ከስማዳ፣ ከወገዳ ከተማ።

«ልጄ፣ የት ነሽ?»

«ጣና ዳር ነኝ።»

ከሣሩ ተነሥቼ ተቀመጥኩ።

«እርስዎ ደህና ነዎት?» አልኳት። «አንቺ» ማለቱን መቼ እንደተውኩት አላውቅም።