ጎረቤቴና የጭራቅ እርባታው

ነገሩ በጠቅላላ ያስከፈለኝ የአንድ ክረምት የከሰዓት በኋላ ገበያ፣ ሁለት ጆይስቲክ እና ከእንግዲህ የማልረግጠው የአንድ ቤት ደጃፍ ነው። ገበያው አይቆጨኝም። ሱቄ አሁን ያለው አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ከተመረቀ ወዲህ ሠርቶ አያውቅም። ቀበቶ ልግዛ ብሎ ሦስት ፎቅ የሚወጣ ሰው፣ ሳይደርስ ሱሪው ይወልቅበታል። ጆይስቲክም ይተካል።

ጎረቤት እያልኩ የምጠራው ሰው ነበረኝ፤ እሱም እኔን ጎረቤት ይለኝ ነበር። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ አንድ ግድግዳ ተጋርተን ነው የኖርነው። እሱ ቁልፍ፣ ማጠፊያና ሚስማር ይሸጣል፣ እኔ ቦርሳና ቀበቶ። ደንበኛ ሲጠፋ በግድግዳው ላይ እንሰዳደባለን፣ ሲመጣ ሰላም እናወርዳለን። ሱቆቻችን ለልማት ሲፈርሱ ሁላችንም በየአቅጣጫው ተበተንን፤ እሱ ግን የተበተነው ወደ አልጋ ነው። ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ ዛለ፣ ምላሱ ከበደ። ሚስማር በእፍኙ ዘግኖ ሳይመዝን «ይኸው ኪሎ» ይል የነበረ እጁ ጭኑ ላይ እንደ አደራ ዕቃ ተቀመጠ።

ውቤ በረሃ፣ እስካሁን ካልፈረሱት ቤቶች በአንዱ ይኖራል። ልጠይቀው ስሄድ ሴት ልጁ፣ ቢሮ የምትሠራ የሰከነች ልጅ፣ በር ላይ ያዘችኝ።

«ጋሼ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ቁርጡን ነገረን። ጣቶቹ መሥራት ያለባቸው አሁን ነው። እነዚህ ወራት ካለፉ እጁ እንደታጠፈ ይቀራል።»

«ታዲያ አያሠሩትም?»

«ኳስ ጭመቅ ቢሉት እምቢ አለ። 'እኔ ሕፃን ነኝ?' ይላል።»

«እና ምን ተሻለ?»

«ጌም ገዛሁለት» አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

ገብቼ አየሁት። ቴሌቪዥኑ ላይ ዓለሙ ሁሉ ከብሎኬት ነው የተሠራው። ተራራው ብሎኬት፣ ዛፉ ብሎኬት፣ ላሟ ሳትቀር ብሎኬት። ግንበኛ ያበደበት አገር ይመስላል። ትቆፍራለህ፣ ታወጣለህ፣ ትደረድራለህ። ሲጨልም አጽም፣ ሸረሪትና ዞምቢ ይወጣሉ፤ ስትገድላቸው አጥንት፣ ክርና ባሩድ ጥለው ይጠፋሉ። ልጁ ይህን ሁሉ ስታስረዳው ጎረቤቴ የሰማው አንዷን ነገር ብቻ ነው፤ ዕቃ ጥለው ይሄዳሉ የምትለዋን።

«እነዚህማ... ሸቀጥ ናቸው» አለኝ፣ ቃሉን እንደ ከባድ ጆንያ እየጎተተ።

ልጁ ከስልኳ ላይ አሠራሩን አሳየችን። ከፍ ያለ ማማ ትሠራለህ፣ አናቱ ላይ ዝግ ክፍል። ጭራቆቹ እዚያ ይፈለፈላሉ፣ ውኃ እየገፋ ጉድጓድ ውስጥ ይከታቸዋል፣ ወድቀው ይሞታሉ፣ ዕቃቸው ታች ሣጥን ውስጥ ይጠራቀማል። የጭራቅ እርባታ ብለን ስም አወጣንለት። ሚስቱ ሻይ ይዛ ስትገባ ሰምታን ቆመች።

«ሰው ዶሮ ያረባል፣ እናንተ ጅን ታረባላችሁ?»

«ዶሮ መኖ ይበላል» አለ ጎረቤቴ። «ጅን... ወጪ የለውም።»

ከስትሮኩ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

ለእኛ ዋናው ነገር ሌላ ነበር። በዚህ ጌም ላይ የቀኝ እጅ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ካልሠሩ ብሎኬት አይሰበርም፣ አይቀመጥም። ማማው እስኪያልቅ ያ እጅ ተንቀጠቀጠ፣ አላበው፣ ተሳደበ ማለት ይቻላል። ግን ሠራ።

ማማው አለቀ። ምንም አልመጣም። ጎረቤቴ ሣጥኑን ከፈተ፣ ባዶ። ዘጋ፣ ከፈተ፣ ባዶ። ጆይስቲኩን በደህናው እጁ አንስቶ ግድግዳው ላይ አላተመው። የመጀመሪያው ጆይስቲክ በዚህ ዓይነት አለፈ።

ሁለተኛውን ገዝቼ መጥቼ ክፍሉን ብፈትሸው ውስጡ በችቦ ተንቆጥቁጧል። እንደ ሠርግ አዳራሽ።

«ጎረቤት፣ ጨለማ ነው የሚወዱት ተብለን አልነበር?»

«ሱቅ ጨልሞ ማን ይገባል?»

«እነዚህ ደንበኞች ሌላ ናቸው። እንደ ድሮው የሰፈርህ ጠጪዎች፣ መብራት ሲያዩ ይሸሻሉ።»

አኩርፎ ችቦዎቹን አንድ በአንድ ነቀላቸው። እያንዳንዷን በቀኝ እጁ። ከሰዓቱን ሙሉ ፈጀበት።

ከዚያ ጥቂት አጽሞች ወደቁና ደግሞ ጸጥ አለ። ይህን የፈታሁት በገበያ ልምድ ነው። ደንበኛ ጠፋ ማለት አልቋል ማለት አይደለም፤ ሌላ ቦታ ሄዷል ማለት ነው። የት ሄደ? ከማማው ሥር ስንቆፍር ጨለማ ዋሻ አገኘን። ጭራቁ ሁሉ እዚያ ታጭቋል። ለካ ጌሙ ባንድ ጊዜ የሚያወጣው ጭራቅ ልክ አለው፤ ዋሻው ኮታውን ጨርሶ ለእኛ ማማ የሚተርፍ የለም። ስለዚህ መፍትሔው ዋሻውን በችቦ ሞልቶ ፉክክሩን መዝጋት ነው። ይህን ሳስረዳው ዓይኑ በራ። ሌላውን ሱቅ ማዘጋት ለማንም ነጋዴ ደስ የሚል ሥራ ነው።

ያ ወቅት ደጉ ወቅት ነበር። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እኛ ከመሬት በታች ችቦ እንተክላለን። እሱ ይይዛል፣ እኔ መንገድ አሳያለሁ፣ መንገድ ስስት ይሰድበኛል።

«ቀኝ ነው ያልኩህ!»

«አንተ... ቀኝህን መቼ ታውቃለህ። ቀበቶ እንኳ... ገልብጠህ ነው የምትሰቅለው።»

አንድ ቀን ስገባ የሸሚዙን ቁልፎች ራሱ ቆልፎ ጠበቀኝ። አንዱ ቁልፍ ቀዳዳውን ስቶ ሸሚዙ ተንጋዷል፤ ሚስቱ ግን ማንም እንዲያስተካክለው አልፈቀደችም። ባለሙያውም አይቶ፣ በዚሁ ከቀጠለ እጁ ይድናል ብሎ ሄደ።

እርባታው ግን አሁንም አጥጋቢ አልነበረም። ከዋሻ ስንመለስ ሣጥኑ ውስጥ አጥንት እናገኛለን። ከዚያ ጎረቤቴ ሰውየውን፣ ማለትም በጌሙ ውስጥ ያለውን የራሱን ሰው፣ ማማው ሥር ሣጥኑ አጠገብ ያቆምና ይጠብቃል። ልክ ባንኮኒው ኋላ ይቆም እንደነበረው። እሱ በቆመ ጊዜ አንድም አይወድቅም። ሁለት ሦስቴ አይቼ ገባኝ። ሰው ቅርብ ካለ ጭራቅ አይፈለፈልም። ገበያ የሚመጣው ባለሱቁ ዞር ሲል ነው።

«ጎረቤት፣ ላሽ ማለት አለብህ» አልኩት።

«ወዴት?»

«ከማማው ራቅ ብለህ ቁም። አንተ ስላለህ ነው የማይመጡት።»

ዞሮ አየኝ። ከመበሳጨትም በላይ ነበር። «ሱቁን ጥሎ... ላሽ የሚል ነጋዴ አይተሃል? ዕድሜዬን ሙሉ... ምሳዬን እንኳ ሱቅ ውስጥ ነው የበላሁት።»

እውነቱን ነው። ለሶላት ሲሄድ እንኳ እኔን በሩ ላይ አቁሞ ነበር የሚሄደው። ሱቅ ሰው ይፈልጋል፣ ባለቤቱ ካልተቀመጠበት ሱቅ አይደለም፤ ይህን ይዘን ነው ያደግነው፣ እሱም እኔም። ብዙ ቀን ተከራከርን። በመጨረሻ ነገር ያዝኩበት፤ ፋራ አልኩት። አራዳ ተወልዶ ያረጀን ሰው ፋራ ብለህ መኖር ከባድ ነው። ጥርሱን ነክሶ ራቅ ያለ ኮረብታ ላይ መቆሚያ ሠራና ሰውየውን እዚያ አቆመው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ጓ አለ። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ እንደ በረዶ ይወርዱ ጀመር። ሚስቱ ምን ፈረሰ ብላ ሮጣ ገባች። ጎረቤቴ ሣጥኑን ሄዶ ሲከፍተው አፉ ድረስ ሞልቷል፤ አጥንት፣ ክር፣ ባሩድ፣ ቀስት። ሳቀ። በተጣመመ አፉ እስኪያስለው ሳቀ። እኔም እንደ ሕፃን ልጅ አጨበጨብኩ።

ከዚያ ሰውየውን ኮረብታው ላይ መለሰና ጆይስቲኩን ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠው።

በማግሥቱ ስመጣ እዚያው ነበር። በሚቀጥለውም ሳምንት። ቴሌቪዥኑ ላይ ሰውየው ቆሟል፣ ጭራቁ ይወድቃል፣ ጎረቤቴ ትራሱን ተደግፎ ያያል። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ነው።

«ሌላ እንሥራ» አልኩት። «ሁለተኛ ማማ። ቅርንጫፍ።»

«ለምን? ይሠራል አይደል?»

«መንገድ እናውጣ። ቤት እንሥራ።»

«ጎረቤት፣ የሚሠራ ሱቅ... አይነካካም። አንተው ነህ ራቅ በል ያልከኝ። ራቅሁ። ይኸው ይገባል። ምን ቀረኝ?»

ጠዋት ከሱቅ ወጥቶ ገቢው ራሱ እንዲመጣለት የማይመኝ ነጋዴ የለም፤ እሱም ዕድሜውን ሙሉ ያላገኘውን እዚህ አገኘ። ሚስቱ ኳሱን እንደገና አመጣችለት። ኳሱ አልጋው ሥር ተንከባሎ ቀረ። የሸሚዙን ቁልፍ እንደገና እሷ ትቆልፍለት ጀመር። ጣቶቹ ወደ መዳፉ መታጠፍ ሲጀምሩ አየሁ፤ እሱም እንዳየሁ አየ፣ እጁን ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተተ።

የነጋዴ ጭንቅላት መቼም አያርፍም። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ሲወስደው ጆይስቲኩን አንሥቼ ማማው አናት ላይ ወጣሁና ክፍሉን መልሼ በችቦ ሞላሁት። እርባታው ቢቆም ይፈትሻል፣ ሲፈትሽ እጁ ይሠራል ብዬ ነው። ሒሳቡ ልክ ይመስለኝ ነበር።

በነጋታው ስገባ ቴሌቪዥኑ ጸጥ ብሏል። ጆይስቲኩ ወለሉ ላይ ለሁለት ተከፍሏል። ጎረቤቴ ቀና ብሎ ተቀምጧል።

«ማነው ያበራው?»

የተሰበረውን ጆይስቲክ ከወለሉ አነሣሁ።

«ልጄ ሥራ ላይ ነበረች። ሚስቴ... አትነካም። ማነው?»

«እኔ ነኝ። ለእጅህ ብዬ ነው፣ ጎረቤት። እንድትሠራ።»

ምላሱን የሚያስተካክል መሰለኝ። ሲናገር ቃሉ ከስትሮኩ በፊት እንደነበረው ጥርት ብሎ ወጣ።

«ሱቄን ያፈረሱብኝ ሰዎች ወረቀት ሰጥተውኛል። አንተ ወረቀትም አልሰጠኸኝ።»

«ጌም እኮ ነው...»

«ሻይህን ጠጣና ሂድ።»

ሻይ አልተቀዳም ነበር። ወጣሁ።

ሌላ ጆይስቲክ ገዝቼ ተመለስኩ። ሚስቱ በሩን ገርበብ አድርጋ ጆይስቲኩን ተቀበለችኝና «ተኝቷል፣ ወንድሜ» አለች። ደግሜ ሄድኩ፤ ተኝቷል። ከውስጥ የሚወድቁት ጭራቆች ጓ ጓ ሲሉ ይሰማኛል፤ ችቦዎቹን ልጁ ነቅላለት ነበር። ለእሷ የደቂቃ ሥራ ነው። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ሚስቱ «ተኝቷል» ማለቱ ራሱ ደክሟት በሩን እንደያዘች ቆመች። ከዚያ በኋላ አልሄድኩም።

ዝናቡ ካቆመ በኋላ ልጁን ሥላሴ በኩል ከቢሮ ስትመለስ አገኘኋት። ቆማ ሰላም አለችኝ፤ ጨዋ ልጅ ናት። ባለሙያው መምጣት እንዳቆመ ነገረችኝ። ከእንግዲህ የሚቀረው ሕመሙን የሚያስታግስ ቅባት ብቻ ነው ብሏቸዋል። ስለ እኔ ምን ይላል ብዬ ልጠይቃት ነበር፤ ታክሲዋ መጣና ገባች።

እርባታው ይሠራል፤ ሣጥኖቹ ሞልተዋል። ቀኝ እጁ አይሠራም። እኔና እሱ አንነጋገርም።