በር ጠባቂው ዋርሳዬና የደሙ ዘበኞች

ዋርሳዬ፣ የእህቴ ባል፣ የሳሙና ፋብሪካ ዘበኛ ነው። ሠራተኛው «መቀርቀሪያው» ይለዋል፤ ሲያንሰው ነው! አንድ ቀን እናታችን ምሳውን ቋጥራ ፋብሪካው በር ድረስ ብትሄድለት፣ ዓይን ዓይኗን እያየ «መታወቂያ?» አላት።

«አማትህ ነኝ እኮ!»

«አውቃለሁ እማማ። መታወቂያ ይዘዋል?»

ምሳው ከነሙቀቱ ወደ ቤት ተመለሰ። እሱ ጦሙን ዋለ። እናቴም ለሰማም ላልሰማም ስታወራው ከረመች።

እንግዲህ ይሄ ሰው ነው ሳንባው እምቢ ብሎት የሌላ ሰው ሳንባ የተተከለለት። ጉድ እኮ ነው! ከወራት በኋላ ጭንብሉን አጥልቆ ወደ በሩ ተመለሰ። ጠዋት ጠዋት የትንፋሽ መለኪያዋን እፍ ይላል፤ እህቴ ቁጥሩን አይታ ታጨበጭባለች። ሰሞኑን ግን ቁጥሩ ማሽቆልቆል ጀመረ። ጭብጨባውም ቀረ።

ሆስፒታል ሄድን፤ ሐኪሟ ደም ቀዳች፤ በቀጭን ቱቦም ሳንባውን በውሃ አጥባ እጣቢውን ለምርመራ ላከች። እኔም አብሬ ነበርኩ፤ ማን ሊያስቀረኝ!

«ነጭ የደም ሴሎች የሰውነት ዘበኞች ናቸው» አለችን። «አዲሱን ሳንባ ባዕድ ነው ብለው ሊያጠቁት ይችላሉ። ሲቆጡ ላያቸው ላይ ምልክት ያወጣሉ፤ የምርመራው ማሽን የሚፈልገው እሱን ነው። የተቆጡት በዝተው ከተገኙ፣ ሳንባውን ሳያበላሹት በመድኃኒት እናበርዳቸዋለን።»

ዋርሳዬ አንገቱን ደፋ። «ዶክተር፣ እነሱ ምን አጠፉ? ከኔ ነው የተማሩት።»

እህቴ ዕንባዋን እየጠረገች ሳቀች። «አንተ ሰውዬ፣ ሳንባህ እንኳ መታወቂያ ተጠየቀ?»

ውጤቱ ሲመጣ ምልክቱ ተገኘ። የተቆጡት ሴሎች በርክተዋል፤ ለማረጋገጥ ከሳንባው ተቆንጥሮ የተወሰደው ናሙናም ያንኑ መሰከረ። ወዲያው ሆስፒታል ተኛ፤ መድኃኒቱ በደም ሥሩ ይንቆረቆር ጀመር። እንቅልፍ ነሳው፣ በምግብ ላይ ጅብ አደረገው፣ ምላሱንም ፈታው! ከ«መታወቂያ» ሌላ ቃል የማይወጣው ሰው ክፍሉን ሙሉ በሳቅ አፈረሰው። ደረቱን እየደባበሰ ሴሎቹን ይለማመጣል፦ «ጓዶች፣ ይሄ እኮ የኛው ሰው ነው። ዋስ እሆነዋለሁ!»

ከሆስፒታል ወጥቶ ሥራ ሲገባ፣ ሴሎቹ በርደው ይሆን አይሆን የሚለየው የዳግም ምርመራ ውጤት ገና አልደረሰም ነበር። እናቴ፣ እልኸኛ አይደለች፣ ምሳ ቋጥራ ገሰገሰች። እኔም ተከተልኳት። በሩ ጋ ስንደርስ መታወቂያዋን እንደ ሰይፍ መዘዘች፦ «ይኸውልህ!»

ዞር ብሎም አላየው። በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና «ይግቡ እማማ» አላት።

እናቴ ክው አለች። «ምነው ልጄ፣ አሞሃል እንዴ?»

«እያስተማርኳቸው ነው» አለ፣ ደረቱን መታ መታ እያደረገ።

የምሳውን ቋጠሮ ስንፈታ ስልኩ ጮኸ። ሐኪሟ ናት፤ ድምፅዋ እኛም ጋ ይሰማል። «ምልክቱ ወርዷል! ሴሎቹ በርደዋል፤ ሳንባዎም ደህና ነው።»

ዋርሳዬ ጭንብሉን ዝቅ አደረገና ፊሽካውን ነፋ። ነፋ ብቻ! ነፋ፣ ነፋ፣ ትንፋሹ ማለቂያ አጣ። ሠራተኛው እሳት የተነሳ መስሎት ከነሽርጡ ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ የሆነውን ሲሰማም በጭብጨባ አደባለቀው። ከዚያ ሁሉም ተመልሶ ገባ፤ መታወቂያ የጠየቀ ግን አልነበረም።