የተሰረቀው ስልኬና የቸኮለው ጣቴ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት አብነት ጋ ከታክሲ ስወርድ ትከሻዬ ቀለለኝ... ዞር ብዬ ባይ የጎን ቦርሳዬ የለም። ማንገቻው ብቻ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል። በምላጭ ቆርጠውልኛል።

የምኖረው ሐዋሳ ነው። አዲስ አበባ የመጣሁት ለእናቴ ሙት ዓመት ነበር፤ ያረፍኩትም ጌጃ ሰፈር፣ ታናሽ እህቷ ቤት ነው። ቦርሳው ውስጥ መታወቂያዬ፣ ትንሽ ብርና ስልኬ ነበሩ። ብሩ ይሂድ። መታወቂያም ወረፋው ቢያስለቅስም ይወጣል። ስልኩ ግን...

ስልኬ የተደወለልኝን ሁሉ በራሱ ይቀዳል። እናቴ ከማረፏ በፊት የደወለችልኝ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነበር። ትልቅ ቁም ነገር እንዳይመስላችሁ። «በላህ?»፣ «ሳሉ ተሻለህ?»፣ «ድምፅህ ምነው ዛሬ?»... በቃ እሱ ነው። አርብ ገና እንደገባሁ አክስቴ «እስቲ ድምጿን አሰማኝ» ስትለኝ «ነገ ተረጋግተን እንሰማዋለን» አልኳት። መንገዱ አድክሞኝ ነበር።

እያለከለክሁ ቤት ገብቼ የሆነውን ስነግራት አክስቴ ቶሎ ብላ ስልኬ ላይ ደወለች።

«ይጠራል!» አለች። «አያነሱትም እንጂ ይጠራል።»

ደጋግማ ደወለች። በዚህ መሃል ልጇ ሳሚ ገባ። ሳሚ ሞባይል ቤት ይሠራል። እንደ ራሱ አባባል የልደታ አራዳ ነው፤ እንደኔ አባባል ግን ምክር የማያልቅበት ሰው ነው።

«ሌባ ስልክ አያነሳም ጀለሴ» አለኝ። «ይሄኔ ሊከፍቱት እየታገሉ ነው። ከከፈቱት ደግሞ ባንክህ ውስጥ ነው የሚገቡት። እንካ፣ በኔ ስልክ አካውንትህ ውስጥ ግባና ስልክህ ላይ ያለውን ሁሉ ከዚሁ አጥፋው። ቶሎ በል!»

«ቆይ እንጂ ልጄ» አለች አክስቴ፣ ስልኳን ከጆሮዋ ሳታነሳ። «እየጠራ እኮ ነው። ምናልባት አንድ ደግ ሰው እጅ ገብቶ...»

«እማዬ ደግሞ! ደግ ሰው ቦርሳ በምላጭ ይቆርጣል?»

ሳቅኩ። ያ ሳቅ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ከልጅነቴ ችኩል ነኝ። እናቴ ያሳደገችኝ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያለች ነው። በሳሚ ስልክ ገባሁ። «ሁሉም ነገር ይጠፋል፤ መመለስ አይቻልም፤ እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቀኝ። ማሽኑ እንኳ አንቱ ብሎ ነው የለመነኝ... ነካሁት።

«ይኸው ተዘጋ» አለች አክስቴ።

«ባካፕ ግን አለህ አይደል? ሌላ ቦታ ያስቀመጥከው ቅጂ?» አለኝ ሳሚ። ይህን የጠየቀኝ ከነካሁት በኋላ ነው።

የለኝም። ላደርግ ላደርግ እያልኩ ዓመት አለፈ። ስነግራቸው አክስቴ አልተቆጣችኝም፤ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እሁድ ጠዋት ቅዳሴ አልቆ የልደታ ማርያም ድምፅ ማጉያ እንደ ወትሮው ማስታወቂያ ጀመረ። የሰንበት ትምህርት ቤት ስብሰባ... የጠፋ የቤት ቁልፍ... ከዚያ ስሜ! እስከነአያቴ! ቦርሳና መታወቂያ ተገኝቷል፤ ባለቤቱ በሩ ላይ ጧፍ ከሚሸጡት እናት ይውሰድ ተባለ። አክስቴ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔም በነጠላ ጫማ ሮጥኩ።

እናትዬዋ ቦርሳውን በነጠላቸው ጠቅልለው ታቅፈውታል። ሌባው ብሩን አውጥቶ፣ ስልኩ ሲጮህበት ፈርቶ መሰለኝ፣ የቀረውን የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ጥሎት ነው ያገኙት። መታወቂያውን ለቄሶቹ አሳይተው ስሜን ያስጠሩኝ እሳቸው ናቸው።

«መጀመሪያ ምልክቱን ተናገር» አሉኝ።

«ስልኩ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል። የእናቴ ጉርድ ፎቶም አለ።»

ፎቶውን አውጥተው አዩ፤ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። «ቁርጥ እሷን» አሉና ቦርሳውን ሰጡኝ።

ስልኩን ከፈትኩት። «እንኳን ደህና መጡ፤ ቋንቋ ይምረጡ» ይላል። ዛሬ ከሱቅ እንደወጣ ስልክ... አንድም ነገር የለውም።

ፊቴ ሲለዋወጥ አዩ መሰለኝ፣ ደነገጡ።

«ትናንት ሲጮህ ነበር ልጄ። እኔ እንዲህ ያለውን ማንሳት አላውቅበትም፤ በጣቴ ብነካው ብነካው እምቢ አለኝ። ያነሳልኛል ብዬ ወደ ዘበኛው ይዤው ስሄድ፣ በሩ ጋ ልደርስ ስል መብራቱ ቦግ ብሎ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ድምፅ የለውም... አበላሸሁብህ እንዴ?»

«ኧረ እርስዎ አይደሉም እማማ» አልኳቸው። እጃቸውን ስሜ ተመለስኩ።

ሌባው የወሰደብኝ ብር ብቻ ነው... ሌላውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።