ካሺንግ ወይስ ካቺንግ

ባለቤቴ አሰላ ውስጥ የኪራይ ላንድክሩዘር ይነዳ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ የሚጭነው ለሥራ ወደ ገጠር የሚወጡ የመንግሥት ሠራተኞችን ነው። አልፎ አልፎ ግን ጭላሎን ለመውጣት የሚመጡ ፈረንጆች ይገጥሙታል። እኔ ቤት ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ታላቅ ወንድሜ ዲክሲስ አካባቢ የአባታችንን መሬት ያርስ ነበር። በብዙ ዓመት ስለሚበልጠኝ ወንድምጋሼ እያልኩት ነው ያደግሁት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጥር ወር፣ ባለቤቴ ፀጉራቸው የሸበተ ባልና ሚስት ጫነ። ተራራ ሊወጡ የመጡ መስሎት ነበር። እነሱ ግን ስልካቸውን እያዩ አንድ ቦታ ይቆሙና ከድንጋይ ሥር፣ ከዛፍ ሥር ጎንበስ ብለው ይፈልጋሉ። ቤት ሲገባ አጫወተኝ። አንዱ ሰው ትንሽ ሣጥን ይደብቅና ያለችበትን ቦታ በኢንተርኔት ይናገራል፤ ሌላው ከሩቅ አገር መጥቶ ያገኛታል፤ ስሙን ጽፎ መልሶ እዚያው ያኖራታል። ከዚያስ ብዬ ጠየቅሁት። ከዚያማ በቃ፣ ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን።

ከመሄዳቸው በፊት እነሱም አንድ ሣጥን መደበቅ ፈለጉ። ባለቤቴ ከወንድሜ ማሳ በላይ ያለው ድንጋያማ ኮረብታ ትዝ አለው። ቅዳሜ ስለነበር እኔም ወንድሜን ልጠይቅ አብሬ ሄድኩ። የወንድሜ ሚስት ምሳ አቀረበችልን። ሴትዮዋ ከምሳ በኋላ ሣጥኗን ከፍታ ለሁላችንም አሳየችን። አረንጓዴ ፕላስቲክ ናት፤ ውስጧ እርሳስ፣ ብጣሽ ወረቀትና የቁልፍ መያዣ አለ። ሌላ ነገር አልነበራትም። ወንድሜ በባለቤቴ አስተርጓሚነት ይህ ጨዋታ ምን ይባላል ብሎ ጠየቃት። ሴትዮዋ ቀስ ብላ፣ ቃሉን እየከፋፈለች ነገረችን። ጂኦካሺንግ። እኛም ተራ በተራ ሞከርነው። የወንድሜ ሚስት አንደበቷ እምቢ ብሏት እስክታለቅስ ሳቀች።

ወንድሜ ግን አልሳቀም። «ካሽ አለች እኮ» አለ። ካሽ የሚለውን ቃል ከገበያም ከባንክም ያውቀዋል፤ እህል ሲሸጥ በካሽ ነው ወይስ በሂሳብ ቁጥር ይባላል። ባለቤቴ አረመው። ቃሉን በሴትዮዋ ባርኔጣ ላይ ተጽፎ አይቶት ነበር። «ሲ» እና «ኤች» ሲገናኙ «ች» ነው የሚሆኑት፣ ስለዚህ ካቺንግ ነው አለው። ወንድሜም መልሶ፣ «አንተ ያነበብከውን ትላለህ፤ እኔ ግን ከአፏ የወጣውን ነው የሰማሁት» አለ። ነገሩ በዚያው አለፈ። ፈረንጆቹ ኮረብታው ላይ ወጥተው ሣጥኗን ሁለት ድንጋዮች መካከል ሸጎጡና ባለቤቴ አሰላ መለሳቸው።

እኛ አገር ጣሊያን ሲወጣ ወርቅ ቀብሮ ሄዷል የሚል ወሬ ከጥንት ጀምሮ አለ። በየቦታው አንድ ጉብታ ወይም አንድ ትልቅ ዛፍ አይጠፋም፤ የቆፈረው ሰው ሁሉ ምንም አላገኘም፣ ወሬው ግን አይሞትም። ወንድሜ እንዲህ ያለውን ነገር የሚያምን ሰው አልነበረም። ያን ዓመት ግን ማዳበሪያው ተወዶ፣ ትልቋ ልጁ አሰላ ያለው ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ኑሮው ጠብቦት ነበር። ሣጥኗን ከፍቶ እንዳያት ጎረቤቱ በኋላ ነግሮናል። ውስጧ ምንም የረባ ነገር አለመኖሩ ይበልጥ አሳመነው። ከባሕር ማዶ ድረስ ለአንድ እርሳስ ብሎ የሚመጣ ሰው የለም፣ ሣጥኗ ምልክት ናት፣ ዋናው ከሥሯ ነው አለ። ጎረቤቱ በኦሮምኛ ተው ብሎ እንደለመነው፣ እምቢ ሲለው ደግሞ ብቻውን ከሚቆፍር ብሎ አብሮት እንደወጣ ምሎ ነግሮኛል። እኔም አምነዋለሁ።

ግንቦት ውስጥ ወንድሜ ደወለልኝ። ስለ ልጆቹና ስለ ዝናቡ አወራን። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያን የፈረንጆቹን ቃል ባልሽ ቤት ውስጥ እንዴት ነው የሚጠራው ብሎ ጠየቀኝ። ካቺንግ ነው የሚለው አልኩት።

«ለአንቺም እንደዚያ ነው የሚልሽ?»

«አዎ። ምነው ወንድምጋሼ?»

«ምንም አይደለም። እኔ ፊት ብቻ የሚለውጠው መስሎኝ ነው» አለኝና ስለ ሌላ ነገር አወራ።

ምን ማለቱ እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም። ባለቤቴ የገንዘቡን ቃል ሆን ብሎ እያጣመመ እውነቱን የሚደብቀው መስሎት እንደነበር የሰማሁት ለቅሶ ላይ ነው።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ገባ። ድንጋዩ ሥር ያለው አፈር ቀይ ነው፤ ሲርስ እንደ ቅቤ ይቆረጣል። ጉድጓዱ ከሰው ቁመት በላይ ጠልቆ ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጎረቤቱ ገመድ ሊያመጣ ወደ ቤቱ ወረደ። ሲመለስ ጉድጓዱ የለም። ዶማውና ኮቱ ዳር ላይ ነበሩ። መንደሩ ሁሉ ወጥቶ በአካፋም በእጅም ቆፈረ። ሲያገኙት ትንፋሹ ካቆመ ቆይቷል።

ስልኩ ሲጮህ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እየሰፋሁ ነበር። ባለቤቴ ከሥራ ተጠርቶ መጣና በጭቃው መንገድ ይዞኝ ሄደ። ስንደርስ ወንድሜን አጥበው ገንዘውት ነበር፤ ፊቱን አላየሁትም። ባለቤቴ ብቻውን ወደ ኮረብታው ወጣ። ሲመለስ ሣጥኗ ሁለቱ ድንጋዮች መካከል እንደነበረች መሆኗን፣ አንድ ጠብታ ጭቃ እንኳ እንዳልነካት ነገረኝ። ወንድሜ እየተጠነቀቀላት ነበር የቆፈረው። በነጋታው ቀበርነው።

በሣልስቱ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ የወንድሜ ሚስት ባለቤቴን በስሙ ጠርታ፣ ቃሉን እስቲ በለው አለችው። ባለቤቴ ግራ ገብቶት አየኝና ካቺንግ አለ። ያኔ ትልቋ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ያለችው፣ ስልኳን አወጣች። ኢንተርኔት ላይ ፈልጋው ኖሯል። ስልኩ በሴት ድምፅ ቃሉን ተናገረ። ካሺንግ። ደግማ ነካችው፣ ደግሞ ተናገረ።

«አባቴ እንዳለው ነው የሚጠራው» አለች ልጅቷ። «ግን እማዬ፣ ትርጉሙ ገንዘብ አይደለም። አጻጻፉም ሌላ ነው። የተደበቀ ነገር ማለት ነው።»

እናትየው የመጀመሪያውን እንጂ የኋለኛውን አልሰማችም። ወይም የተደበቀ የሚለውን ሰምታ በራሷ መንገድ ተረዳችው። «ስለዚህ እሱ ልክ ነበር» አለች፤ ለማን እንደምትናገር አላውቅም። ልጅቷ ልታስረዳት ሞከረች፤ አንዲት አሮጊት ክንዷን ይዘው አስቀመጧት። ባለቤቴ ተነሥቶ ወጣ። መኪናው ውስጥ ገብቶ መሪው ላይ ተደፍቶ አገኘሁት። እኔ እኮ ያነበብኩትን ነው ያልኩት፣ ያነበብኩትን ነው ይላል ደጋግሞ። እኔ ሁለቱንም አምናቸው ነበር። የመኪናውን በር ዘግቼ ግን ወደ ድንኳኑ ተመለስኩ፤ ወንድሜ የተቀበረው ገና ከትናንት ወዲያ ነው።

ፖሊስ መጥቶ ጎረቤቱንም ባለቤቴንም ጠየቀ፤ ሣጥኗንም ወሰደ። ቃል የተቀበለው ወጣት ፖሊስ የጨዋታውን ስም እንዴት እንደሚጽፈው ቸግሮት ሁለት ጊዜ ሰርዞ በመጨረሻ «የፈረንጆች ጨዋታ» ብሎ ጻፈው። ማንም አልተከሰሰም። የወንድሜ ልጅ የሆነውን በጨዋታው ድረ ገጽ በኩል ለፈረንጆቹ በእንግሊዝኛ ጻፈችላቸው። ቦታውን ከካርታው ላይ እንዳጠፉት፣ ከዚያ ወዲህም እንቅልፍ እንዳጡ መለሱላት። ሴትዮዋ ስለ ባልሽ ይቅርታ አድርጊልኝ ብላ ለወንድሜ ሚስት የላከችውን ቃል ልጅቷ ለእናቷ አላነበበችላትም። ለእኔ አነበበችልኝ።

ባለቤቴ ፈረንጅ መጫን አቆመ። አሁን ስንዴ ጭኖ ወደ አዳማ ይመላለሳል። አንዳንዴ ቴሌቪዥን ላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሲያልፍ ከንፈሩን አንቀሳቅሶ ያነብና ይተወዋል። ኮረብታው ላይ በቀጣዩ በጋ ሌሎች ሰዎች ሁለት አዲስ ጉድጓዶች ጀምረው ነበር። የቀበሌ ሰዎች ደፈኗቸው። ቆፋሪዎቹ፣ እዚያ የተቀበረ ነገር ባይኖር ሰው አይሞትበትም ነበር ይላሉ አሉ።

ሙት ዓመቱ ሲደርስ ባለቤቴ አደርስሻለሁ አለኝ። አስፋልቱ ዳር መኪናውን አቁሞ እዚያው ቀረ፤ እኔ በእግሬ ገባሁ። የወንድሜ ሚስት ሳመችኝ፣ አስቀመጠችኝ፣ አበላችኝ። መሬቱን ለእኩል አራሽ እንደሰጠችው፣ ገብሱን ዋግ እንደመታው ነገረችኝ። ስለ ባለቤቴ አንድ ቃል አልጠየቀችም፤ እኔም ስሙን አላነሣሁም። ስሰናበት በሩ ድረስ ሸኘችኝና ሰማዩን አየች።

«መኪናው ውስጥ ነው ያለው?» አለችኝ።

«አዎ።»

ከጭላሎ በኩል ደመናው እየወረደ ነበር።

«ዝናብ መጣ» አለች። «መንገዱ ሳይበላሽ ሂዱ።» ከዚያ በሩን ዘጋች።