በነሐሴ ፎገራን ያቋረጠው ጦር

የአጎቴ አርባ ባለፈው ሰኞ ወጣ። ሰው ሁሉ ደግነታቸውን አወራ፤ እኔ ደግሞ የመጽሐፋቸውን ነገር ላውራ። ፊደል ስላልቆጠርኩ የልጅ ልጄ ይጽፍልኛል።

በንጉሡ ዘመን፣ ልጃገረድ ሳለሁ፣ አጎቴ ከጎንደር መጽሐፍ እየገዙ ወረታ ቤታችን ደጅ ላይ ያነቡልኝ ነበር። አንዱን በጨረሱ ቁጥር «እስቲ ፍረጂ፣ ምን ትያለሽ?» ይሉኛል። ሰውዬው በብረት ዕቃ ተሳፍሮ ጨረቃ ላይ ወጣ የሚለውን የፈጠራ ታሪክ ሲጨርሱ፣ «ከብቱን ለማን ትቶ ሄደ?» ብላቸው እስኪያስላቸው ሳቁ።

አንድ ቀን ግን የታሪክ መጽሐፍ አመጡ። የድሮ ንጉሥ ጦር በነሐሴ የእኛኑ ሜዳ፣ ፎገራን፣ አቋርጦ ሄደ ይላል።

«ኧረ ጋሼ፣ ይኼስ ውሸት ነው» አልኩ። «በነሐሴ ሜዳው ውሃ ነው፤ ከብቱ እንኳ ወደ ከፍታው ይነዳል። ፈረሱ ሊዋኝ ነው?»

«የታተመውን ነው ውሸት የምትይ?» አሉና መጽሐፉን ይዘው ተነሡ።

ሦስት ሳምንት ምንም አላነበቡልኝም። ሌላ የሚያነብልኝ ሰው የለኝ፤ በገዛ አፌ አስቀረሁት ብዬ ተደብቄ አለቀስኩ።

ኋላ ቁሐር ሚካኤልን ተሳልመው መጡ። «ሽማግሌዎቹን ብጠይቅ ሳቁብኝ» አሉ። «ልክ ነሽ። ጸሐፊው ፎገራን በክረምት አላየውም።» ከጋቢያቸው ሥር አዲስ መጽሐፍ አወጡ። እፎይ አልኩ።

ከዚያ ወዲያ፣ ዓይናቸው እስኪደክም ድረስ አነበቡልኝ፤ እኔም ሐሳቤን ፈርቼ ውጬባቸው አላውቅም። ዛሬ ደጁ ላይ መቀመጫቸው ባዶ ነው። ግን ሳልነግራቸው ሆዴ ውስጥ የቀረ ነገር የለም፤ ለቅሶውም የቀለለኝ ለዚህ ነው።