የወለተማርያም ግማሽ ዙር

እናቴ ወለተማርያም ፊደል አልቆጠረችም፤ የውሃ ግፊት ግን ታነብ ነበር። አባቴ ገብረወልድ አውሮፕላን ማረፊያው ግቢ ውስጥ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ከወሎ ሰፈር ወረድ ብሎ በገዛው ቦታ ላይ ለኪራይ አንድ ትልቅ፣ ለእኛ አንድ ትንሽ ቤት ሲሠራ የከተማው ውሃ ገና አልደረሰም ነበርና ጉድጓድ አስቆፈረ። ሞተር ውሃውን ስቦ የብረት ታንከር ውስጥ ያስገባል፤ ታንከሩ ውስጥ የታመቀው አየር ደግሞ ውሃውን ወደ ሁለቱ ቤቶች ይገፋዋል። አባቴ ቧንቧ ሲቀጥል ሌላውን ጫፍ የምትይዝለት እናቴ ነበረች። እሱ ሲሞት መፍቻዎቹ ለእሷ ቀሩ።

በ1967 ትልቁ ቤት ተወረሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ቢተው ገረመው ገባበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአንድ ጉድጓድ እንጠጣ ነበር።

የካቲት 9 ቀን 1970 ዓ.ም. ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ቢተው ጠመንጃ የያዙ አራት ሰዎች አስከትሎ ትንሹን ቤት ፈተሸ። ወንድሜ ዓለምሰገድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። ከደብተሩ መሃል አንድ ወረቀት ወጣ። ክብ፣ ቀስት፣ ቁጥር አለበት፤ ቃል ግን አንድም የለበትም። የአባቴ የቧንቧ ፕላን ስለደበዘዘ ወንድሜ ትምህርት ቤት እንደለመደው በቁጥር ብቻ አድርጎ ገልብጦት ነው።

«የውሃ ነው! የግቢያችን ውሃ ነው!» አለች እናቴ።

«ውሃ ቁጥር የለውም፣ እማማ» አለ ቢተው። ጠመንጃ የያዙት ሳቁ።

ወንድሜ በዚያ ወረቀት ምክንያት ተወሰደ፤ አልተመለሰም። አስከሬኑን አልሰጡንም፤ ማልቀስም ተከለከልን። እናቴ ከዚያ በኋላ ቢተውን «አንተ» ብላው አታውቅም። «እርስዎ» ትለው ጀመር። ያከበረችው መስሎት ደስ አለው።

በሐምሌ 1971 ታንከሩ ከሥሩ ዝጎ ማንጠባጠብ ጀመረ። እናቴ በጣቷ አጥንት ከላይ እስከ ታች አንኳኳችው። ላይኛው ክፍል ባዶ ድምፅ መስጠት ሲገባው እንደ ታችኛው ደነዘ፤ አየሩ አልቆ ውሃ ሞልቶታል ማለት ነው። አንድ ብርጭቆ በተቀዳ ቁጥር ሞተሩ ይነሳል፣ ይጠፋል። ቢተው ደግሞ ለመስከረም 2 በዓል ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት እንግዶች ጠርቷል።

«እማማ፣ ይህን ነገር ያስተካክሉልኝ» አለ።

«እሺ ጓድ ሊቀመንበር። ለእርስዎ ያልሆነ ውሃ ለማን ይሆናል?»

ከወሎ ሰፈር የቧንቧ ሠራተኛው አብዱልናስር ከአንድ ከተዘጋ ሆቴል የወጣ ደህና ታንከር አመጣ። መብራቱን አጠፉ፣ ውሃውን አፈሰሱ፣ አሮጌውን ፈቱ። እናቴ አዲሱን እርጥብ ሲሚንቶ ላይ አላስቀመጠችም፤ ሥሩ እንዳይዝግ ጡብ ደረደረችለት። የእያንዳንዱን መገጣጠሚያ ጥርስ በሽቦ ብሩሽ አጽድታ ቃጫ ጠመጠመችበት፣ ቀለም ቀባችው። መጨረሻ ላይ ግፊቱን የሚወስነውን ብሎን ግማሽ ዙር ጨመረችው።

አብዱልናስር የግፊት መለኪያውን ሰዓት አየና «እማማ፣ ለዚህ አሮጌ ቧንቧ አይበዛም?» አላት።

«ጓድ ሊቀመንበር ኃይለኛ ውሃ ይወዳሉ።»

አባቴ በትልቁ ቤት ሳሎን ሥር ያለውን የቧንቧ መታጠፊያ፣ ክርኑን፣ ሁልጊዜ ይጠራጠረው ነበር። ይህን እሷም እኔም እናውቃለን። በሦስተኛው ቀን የቢተው ሳሎን ጣውላ አብጦ ተነሳ።

እናቴ ሞተሩን አጥፍታ ሰዓቱን ተመለከተች። መርፌው ወረደ። የትንሹን ቤት የውሃ መዝጊያ ዘጋች፤ አሁንም ወረደ። የትልቁን ዘጋች፤ ቆመ።

«የሚያፈሰው የእርስዎ ነው።»

«የቱ ጋ?»

«ክረምት ነው ጓድ፤ መሬቱ ሁሉ እርጥብ ነው። ወይ ቤቱን በሙሉ መቆፈር ነው፣ ወይ ፕላኑን ማየት።»

«ፕላኑ የት አለ?»

«እርስዎ ወስደውታል።»

ቢተው «ከፋይል ውስጥ እንዲያው አይወጣም» አለ።

«በደብዳቤ ይጠይቋቸዋ። እኔም የቤቱ ነባር ባለቤት ነኝ፤ ግልባጭ ይድረሰኝ። አለበለዚያ ነገ ጣውላውን ማን አስቆፈረ ቢባል ምን እላለሁ?»

እናቴ በእርምጃዋ እየለካች ብትሄድ ከጉድጓዱ እስከዚያ ክርን ድረስ ጨለማ ውስጥ እንኳ አትስትም ነበር። ይህን ቢተው አያውቅም። ከአንድ ቀን በፊት ሥራዬ መዝገብ ቤት ስለሆነ «ግልባጭ ያለው ወረቀት ይጠፋል?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። «ሁለት ቦታ ካልተቃጠለ አይጠፋም» አልኳት።

ደብዳቤው ቁጥሩ 318/71 ነው፤ ነሐሴ 14 ቀን ተጻፈ። እንዲህ ይላል፦ «በዓለምሰገድ ገብረወልድ ፋይል ውስጥ ተያይዞ የሚገኘው የግቢው የውሃ ቧንቧ ፕላን ለጥገና ስለሚያስፈልገን በትውስት እንዲሰጠን እንጠይቃለን።» ማኅተም አለው፤ የቢተው ፊርማ አለው። ከሥሩ «አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት» ይላል፤ ግልባጩ ለእናቴ ደረሳት።

ፕላኑ በሳምንቱ መጣ። ጎረቤቶች ዕቃ ሊያወጡለት ተሰብስበዋል። ቢተው ወረቀቱን ሊሰጣት ሲል እጇን ወደ ኋላ አደረገች።

«እኔ ማንበብ አልችልም። እርስዎ ያንብቡት።»

«አንድ... ከዚያ ዐሥራ አንድ... ከዚያ ሁለት።»

«አንድ ጉድጓዱ ነው፣ ሁለት ታንከሩ። መሃላቸው ዐሥራ አንድ ሜትር። አብዱልናስር፣ ለካ።»

አብዱልናስር ሜትሩን ዘረጋ። «ዐሥራ አንድ። ምንም አልተዛነፈም።»

«ስድስት ነጥብ አራት» አለ ቢተው። ድምፁ ወርዷል።

«እስከ ማድ ቤቱ ማዕዘን። ለካ።»

«ልክ ነው! ወይ እጅ! ማነው የሠራው?»

ጎረቤቶቹ ወደ እናቴ ዞሩ። ቢተው የክርኑን ቁጥር፣ አራትን፣ ሲያነብ የሳሎኑ ጣውላ ተነሳ፤ ክርኑ ከነስንጥቁ እዚያው ነበር። አብዱልናስር ጭቃውን ጠርጎ ቀና ሲል ወረቀቱን አየ።

«ጓድ፣ ይሄ በቀይ የተጻፈው ደግሞ ምንድን ነው?»

ከጎረቤት አንዷ ጮክ ብላ አነበበችው፦ «ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚያስገባ የምስጢር መንገድ። ያገኘው፦ ቢተው ገረመው።»

«ውሃ ቁጥር የለውም ያሉት እኮ ነው» አለች እናቴ። የሳቀ አልነበረም።

ክርኑ ተቀየረ። መርፌው ከጠዋት እስከ ቀትር ሳይነቃነቅ ዋለ። ማታውን ቢተው ወረቀቱን መልሺ አላት፤ «እርስዎ» ማለቱን ረስቶታል። እናቴ አንድ የላሸቀ ወረቀት ከባልዲ አወጣች።

«ቁፋሮው ውስጥ ወደቀብኝ ጓድ። ውሃ ምን ያደርጉታል?»

ቢተው ያንን ልሽቅ አይቶ እንደ ልጅ ፈገግ አለ። ልሽቁ ግን ተራ ባዶ የደብተር ወረቀት ነበር። እውነተኛው ፕላንና የደብዳቤው ግልባጭ አንድ ክንድ በሚሆን ወፍራም ቧንቧ ውስጥ ተጠቅልለው ገብተዋል፤ ሁለቱ ጫፎች በክዳን ተዘግተው፣ ቃጫ ተጠምጥሞባቸው፣ ቀለም ተቀብተዋል። ቧንቧው ታንከሩ ጀርባ ዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ቆመ። ቢተው በየቀኑ በአጠገቡ ያልፋል። ብሎኑም እንዳለ ነበር። በትንሹ ቤት መስመር ላይ እናቴ መዝጊያውን ውሃ ካልቀዳን በስተቀር ስለምትዘጋው እኛ ጋ ምንም አልፈሰሰም። እሱ ጋ ግን ጎማ ይበላል፣ ቧንቧ ያንጠባጥባል፣ ግድግዳ ይሻግታል። በጠራት ቁጥር ትሄዳለች። አንዱን ስትደፍን የሚቀጥለው የት እንደሚፈነዳ ታውቃለች።

ሰኔ 1983 የቀበሌው ነዋሪ አዳራሽ ተሰብስቦ ቢተው ፊት ለፊት ተቀመጠ። «ሰው ያስገደልኩበት ማስረጃ ካለ ይቅረብ» አለ። እናቴ ቧንቧውን ታቅፋ ተነሳች። አብዱልናስር በመፍቻ ከፈተው። ወረቀቶቹ እንደገቡ ደረቅ ነበሩ።

«እኔ ማንበብ አልችልም» አለች። «እርስዎ ያንብቡት።»

ደብዳቤውን አነበበ። «የግቢው የውሃ ቧንቧ ፕላን» የሚለው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«አሁን ደግሞ በቀይ የተጻፈውን።»

አነበበው፤ ስሙንም ጭምር። የዚያኑ ቀን ወሰዱት። እኔ ለፕላኑና ለግልባጩ የርክክብ ደረሰኝ ተቀበልኩ።

እናቴ ቤት ስትደርስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ወደ ታንከሩ ሄደችና ብሎኑን ግማሽ ዙር መለሰችው።

«ከእንግዲህ» አለች «እዚያ ቤት ኃይለኛ ውሃ የሚፈልግ የለም።»